ለዘጠኝ ልጆች የሚበቃ ዜማ

የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ ቡድን ልብስ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፋች ሴት ናት፤ ዜማው ሲለወጥ ግን ማንም አላማከራትም። ፊደል አልቆጠረችማ፤ ያልተማረ ሰው ጆሮም የሌለው መሰላቸው። ልጆቹ ከጀርባዋ «እማማ መቀስ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሙያዋ ሳይሆን ምላሷ መሆኑን እሷም ታውቃለች።

አንድ ቀን የኮት እጅጌ ልትለካ ሙዚቃው ክፍል ስትገባ፣ አዲሷ መምህርት ወለሉ ላይ ወረቀት ስትደረድር አገኘቻት። ልጆቹ እረፍት ላይ ነበሩ።

«እንደምን ዋሉ እማማ» አለች መምህርቷ ብድግ ብላ።

«ደኅና አልዋልኩም። የልጅ ልጄ ትሮምቦኗን አልጋ ሥር ወትፋ 'ሁለተኛ አልነካውም' ብላለች። የአንቺን ድምፅ ማንም ይጫወተዋል ብለሻታል አሉ።»

መምህርቷ ቀላች። «የእሷን ለይቼ አይደለም። አዲሱ ዜማ የተከፈለው በአራት ድምፅ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ከአራቱ አንዱን ይይዛል። እያንዳንዱ ድምፅም ለብዙ ዓይነት መሣሪያ ተጽፏል። ክላሪኔት ቢጠፋ ትራምፔት ይይዝለታል፤ ይህንኑ ነው የነገርኳቸው።»

«ድሪቶ ነዋ። የቀድሞው መምህር ለሃያ ሁለት ሰው የተጻፈ፣ ክብር ያለው ዜማ ነበር የሚያስጠናው።»

«ስንት ልጆች አሉን እማማ?»

«ዘጠኝ። የለካኋቸው እኔ አይደለሁ?»

«የዚያ ዜማ መግቢያ በሆርን ነው። ሆርን የሚነፋ ልጅ የለንም። ስለዚህ ስድስት ወር ሙሉ የሌለ ሰው እስኪጨርስ ሳይነፉ ምት ሲቆጥሩ ከረሙ። የልጅ ልጅዎም ከነፋችው የቆጠረችው ይበዛል።»

አሮጊቷ መሸነፍ ስለማትወድ «እስቲ አሰሚኝና ልፍረድ» አለች። ክርክር በጆሮ የሚፈታ ከሆነ፣ ያልተማረ ዳኛም ዳኛ ነው።

ልጆቹ ከእረፍት ሲመለሱ፣ ከልጅ ልጇ በቀር ያሉት ስምንቱ ቆመው ተጫወቱ። መምህርቷ ሆን ብላ የታችኛውን ድምፅ ለማንም አልሰጠችም ነበር።

«ወለል የለውም» አለች አሮጊቷ ገና ሳይጨርሱ።

ከዚያ መምህርቷ ያንኑ ድምፅ ለትልቁ ሳክስፎን ሰጠችው። ዜማው ቀጥ ብሎ ቆመ። እኩሌታው ላይ ግን የነፊው ትንፋሽ አጠረና ሁሉም ተንገዳገዱ።

«ተመልክተዋል?» አለች መምህርቷ። «ወረቀቱ ለማንም ይፈቅዳል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ያን ያህል ወደ ታች የሚወርዱት እሱና የልጅ ልጅዎ ብቻ ናቸው። አንዱ ሲደክም ሌላው ካልያዘ ይወድቃል። ዜማ ስመርጥ በመጀመሪያ የማየው የታችኛውን ድምፅ የሚይዝ ልጅ መኖሩን ነው። ቀጥሎ ከትንፋሻቸውና ከጣታቸው አቅም በላይ እንዳይሆን አያለሁ። ደግሞም ዋናው ዜማ ለሁሉም በየተራ ካልደረሰ አልወስደውም። መሐል ላይ ተራው ለልጅ ልጅዎ ሲደርስ ሌሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እሷን ያጅባሉ።»

«በፊት መጽሐፉን ገዝታችሁ ነበር ልጅ የምትፈልጉለት።»

«አሁን ልጆቹን ቆጥሬ ነው ዜማ የምፈልገው።»

አሮጊቷ ሜትሯን በጣቷ እየጠቀለለች አሰበች። «እኔም የልጅ ልብስ ስሰፋ ጠርዙ ላይ ትርፍ ጨርቅ አጥፌ እተዋለሁ፤ ቁመት ሲጨምር ይለቀቅለታል። እስከ ዛሬ ድሪቶ ሰፋሽ ያለኝ የለም። ይሁን፤ ዜማሽ ደግ ነው። አንድ ልጅ ቢታመም ቡድኑ አይፈርስም፤ አዲስ ቢመጣም ቦታ አያጣም። ማንም ለሌለ ሰው ሲቆጥር አይውልም።»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ።»

«አታመስግኚኝ፤ አልጨረስኩም። ዜማሽ ደግ ሆኖ አፍሽ ግን ልጅ አስቀይሟል። ያቺ ልጅ ማንም የሚተካኝ ነኝ ብላ ግድግዳ ታያለች። ለእኔ ያስረዳሽኝን ነገ ጠዋት ለእሷ ንገሪያት፤ እነዚህ ስምንቱ እየሰሙ። በወረቀት እልካለሁ እንዳትዪኝ። በአፍሽ ነው ያስቀየምሻት፤ በአፍሽ መልሺያት።»