ለምለም የተባለችው

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ አዳማ መናኸሪያ ውስጥ ጎረቤቴን ዲንቄን የሁሩታ ሚኒባስ በር ላይ አገኘኋት። የስምንት ወር ልጇን አዝላ ፊቷን አጨፍግጋለች። እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«እናቴ ጋ፣ ጋሼ ይትባረክ። ባሌ ተብዬው ጉቱ ከለምለሙ ጋር ይኑር!»

«ደግሞ ለምለም ማናት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ትናንት በስልክ ‹ለምለም እናንተ ጋ አለች? መጥቼ እወስዳታለሁ› ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ልጁን ሁለት ቀን ሙሉ እያስቀመጠው፣ አባትየው ሴት ያሳድዳል!»

ልስቅ ስል የልጁን ዓይን አየሁት። ጎድጉዷል። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

«ዲንቄ፣ ለምለም ፋርማሲ ውስጥ የምትሸጥ ዱቄት ናት። በውሃ ተበጥብጣ ለተቅማጥ ትጠጣለች። ባልሽ የደወለው ለልጁ ብሎ ነው።»

«ወንድ ለወንድ መሸፋፈን ያውቅበታል» አለች። ቅናት እንዲህ ነው፤ ጆሮ ያሾላል፣ ማስተዋል ይነሳል። «ደግሞ ዱቄት ምን ሊፈይድ? ስኳር በጥብጬ ሰጥቼው አልያዘለትም።»

«ስኳር ብቻውን? የአንጀት ግድግዳ ከጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። በየሕዋሱ ሽፋን ላይ በረኛ ሆኖ የቆመ ፕሮቲን አለ። ይህ በረኛ ስኳርም ጨውም ለየብቻ ቢመጡ አያሳልፍም። አብረው ሲመጡ ግን ያስገባቸዋል፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። ተቅማጥ ቢጠናም በረኛው ሥራውን አይተውም። ለምለም ሁለቱንም በልክ ይዛለች።»

«ዋዮ! ጨው እንኳ ከጓደኛው ተያይዞ ይገባል፤ እኔ ግን ተጣልኩ!»

በጨውም ቀናች! እዚህ ላይ ተቆጣሁ። «ማን ጣለሽ? ጥለሽ የምትሄጂው አንቺ! እስከ ሁሩታ ድረስ ይህ ልጅ ቢደርቅብሽ ማንን ልትከሺ ነው?»

ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ዓይኑን አየች። «ወዴት እንውሰደው ታዲያ?»

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረስን። በእኔ ስልክ ጉቱን ጠራነው። ዲንቄ ነርሷን አስቀድማ የጠየቀቻት ስሟን ነው፤ ሑስና መሆኑን ስትሰማ ትንሽ ተነፈሰች። ሑስና አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጠበጠችና በማንኪያ በማንኪያ እንድታጠጣው አሳየቻት። ጉቱም እያለከለከ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ልጅ ሲያስቀምጠው በልኩ የተበጠበጠ ለምለም ቶሎ ስጡት፤ ጡቱንም አታቋርጡበት፤ ዓይኑ ከጎደጎደ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። የጠፋው ውሃ በቶሎ ከተመለሰ ነፍስ ይተርፋል፤ ባልና ሚስትን ለማስታረቅ ሽማግሌ ይደርሳል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልጁን ተቀብዬ እንደታቀፍኩት ጭኔ ሞቀኝ።

«ውይ ጋሼ፣ ሱሪዎ!»

«ተይው ልጄ» አልኳት፤ «ከሸና ውሃው ገብቷል ማለት ነው።»