የዘይት ተራ

ዘመኑ ደርግ ነው። ሙጃ አካባቢ ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር የወፍጮ ሞተሩ ዘይት ፈጀበት ተባለና እኔን መካኒኩን ላኩኝ። ስደርስ ሊቀመንበሩ የወፍጮውን ሠራተኛ፣ አያ ደምሴን፣ ሊያሳስር ገመድ አስመጥቷል። «ሞተሩ በየቀኑ ዘይት ይጎድለዋል፤ መሬቱ ግን ደረቅ ነው። ታዲያ የት ገባ? ይኼ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!» ብሎ ጮኸብኝ፣ የሰረቅሁት እኔ ይመስል።

ሞተሩን ወልውዬ ዱቄት ነሰነስኩበት፤ ዘይት በሚወጣበት በኩል ዱቄቱ ይጠቁራላ። ሳስነሳው ወዲያው የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ዙሪያ ጠቆረ። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ድንጋዮቹ መሀል የተሸጎጠች ትንሽ ማሰሮ ጠብታውን ትቀበላለች!

«አያ ደምሴ፣ ይቺ የማን ነች?»

«የዛሬዋ የመሪጌታ ነች» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። «ዘይቱ ለአህያ እከክ ፍቱን ነው። እንደ ማኅበር ጽዋ በየተራ ነው የምንወስደው።»

ሊቀመንበሩ ይኼን ሰምቶ ገመዱን ጣለ። እኔም ብሎኑን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩና ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ አገሬው እከካም አህያውን እየነዳ መጣብኝ፤ ስብሰባ ተጠራ። «ብሎኑ ግማሽ ዙር ይላላ የምትሉ እጅ አውጡ!» ተባለ። ከሁሉም ቀድሞ ያወጣው ሊቀመንበሩ ነበር። በሌላው እጁ ማሰሮ ይዟል።