«አንተ» የሚሉት ማንን ነበር?

ዛሬ የምንሸኛቸው የመዝሙር ደራሲ፣ እኛ የልጅ ልጆቻቸው እማማ የምንላቸው፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ተወልደው፣ ማንበብና መጻፍ እንደ ቻሉ ኑሮ ስለ ከበደ ትምህርታቸውን አቋርጠው የሆስፒታል አንሶላ ከሚሰፋበት ክፍል በልጅነታቸው ተቀጠሩ።

መዝሙር የጀመሩትም እዚያው ነው። የስፌት መኪናውን ሲረግጡ ዜማው ይመጣላቸዋል፤ ቃሉን በልብስ ሰፊ ጠመኔ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይጭሩታል፤ ጠመኔው ሳይራገፍ በቃላቸው ያልያዙት ግን ያው ጠፍቶ ይቀራል። ከመራገፍ የተረፉት ዛሬ በየጉባኤው ይዘመራሉ።

ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ የታላቅ ወንድማቸውን ጓደኛ፣ ፀጉር አስተካካዩን አባባን አገቡ። አባባ በዕድሜ ስለሚበልጧቸው፣ እማማ ወላጆቻቸው እንዳዘዙት ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ «አንቱ» አሏቸው። አምላካቸውን ግን በመዝሙሩ ሁሉ «አንተ» ነበር የሚሉት።

«አንተ የሌለህበት ቤቴ ቀዝቃዛ ነው» የሚለው መዝሙራቸው በወጣ ጊዜ የአባባ ደንበኞች ፀጉራቸውን እየተቆረጡ ያንጎራጉሩት ጀመር። አንዱ ቀልደኛ «ጋሼ፣ ቤቱ የሚቀዘቅዘው እርስዎ ሲወጡ ነው እንዴ?» ቢላቸው፣ «እኔማ አንቱ ነኝ፤ አንተ የተባለውን ሌላ ቦታ ፈልገው» አሉት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ አባባ ግን ሳይስቁ የሰውየውን ፀጉር ከልክ በላይ አሳጠሩት።

በእግዚአብሔር መቅናት ነውር መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ግን ቅናት መቼ ምክር ይሰማል! እማማ ቤት ውስጥ ጠመኔ ባነሡ ቁጥር አባባ ከወንበራቸው ሆነው በግድ ይስሉ ነበር። አንድ ቀን ራት ላይ ጨክነው «እስቲ እኔንም አንድ ጊዜ አንተ በይኝ» ቢሏቸው፣ እማማ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው «ኧረ ይተዉኝ፣ አፌ እንዴት ብሎ ይታዘዝልኛል!» አሉ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ልጆቹም እናታቸውን ሰምተው «አንቱ» ስላሉ፣ በቤቱ ውስጥ አባባን «አንተ» የሚላቸው ጠፋ።

በመጨረሻም እማማ ሳንባቸውን ታመው አልጋ ያዙ። ሊያርፉ ሲቃረቡ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ «አንተ፣ አትራቀኝ» አሉ። አባባ የእማማን ፊት ያበሱበትን ፎጣ እንደ ያዙ ቆሙ። ለማን እንደ ተባለ መጠየቅ ይችሉ ነበር። አልጠየቁም። «አለሁ» ብለው እጃቸውን ያዙ፤ እማማም እስትንፋሳቸው እስኪቆም አልለቀቋቸውም።

እማማ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ እኛን የልጅ ልጆቻቸውንና መዝሙሮቻቸውን ትተው ሄደዋል። በእነዚያ መዝሙሮች ሁሉ «አንተ» ስትባል የኖርህ ጌታ ሆይ፣ ነፍሳቸውን ከወዳጆችህ ጋር አሳርፍልን። አባባ ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ ይቀኑብሃልና፣ እባክህ ታገሣቸው። አሜን።