የተጠለፈው ፊት

(አዲስ አበባ፣ አንድ የሥዕል አዳራሽ፤ ዐውደ ርእዩ ሊከፈት ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ወይዘሮ ጥሩወርቅና ሠዓሊ ልጃቸው ፌቨን፣ ከድሮው መንግሥት የስለላ ማኅደር የወጣ ትልቅ ፎቶግራፍ ፊት ቆመዋል፤ ወይዘሮዋ በወጣትነታቸው ከአንድ ጎረምሳ ጋር መንገድ ሲሻገሩ ይታያሉ።)

ጥሩወርቅ፦ አውርጂው አልኩሽ፤ እንግዳ ሳይመጣ።

ፌቨን፦ እማዬ፣ ምስጢርነቱ ተነሥቷል። ማኅደሩን ራሳቸው ናቸው የከፈቱት።

ጥሩወርቅ፦ የከፈተ መዝጋት አያቅተውም።

ፌቨን፦ ያነሳሽ ሰላይ እኮ ይኼኔ ሞቷል።

ጥሩወርቅ፦ ልጅ የለውም?

ፌቨን፦ ከጀርባው የጻፈውን ልንገርሽ? «ልጅቷ ፈሪ ናት፤ ከጥላዋ ትሸሻለች። ክትትሉ ይቋረጥ።» በሦስተኛው ቀን ትቶሻል።

ጥሩወርቅ፦ ሦስት ቀን ብቻ?

ፌቨን፦ ሦስት ቀን።

ጥሩወርቅ፦ እኔ እኮ እስከ ዛሬ ስልክ ሳነሳ ድምፄን እለውጣለሁ። አባትሽን እንኳ ተልኮብኝ ይሆናል ብዬ አንድ ዓመት ደጅ አስጠንቼዋለሁ።

ፌቨን፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ጥሩወርቅ፦ ምን እባብ አየሁና። ደሞዝ የሚበላ ሰላይ ሰልችቶት የተዋትን ሴት፣ እኔ በነፃ ስሰልላት ኖርኩ።

ፌቨን፦ እንግዲያው ይቆይ።

ጥሩወርቅ፦ ቆይ፣ ይሄ አጠገቤ ያለው... ፊቱን ለምን በጥቁር ክር ጠለፍሽበት?

ፌቨን፦ ስሙ ከማኅደሩ ተፍቋል። ማንነቱን ያላወቅሁትን ሰው ፊት እሸፍናለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ያን ሸሚዝ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ኪሱን ያንጋደድኩትም እኔ። ነጋሽ ነው።

ፌቨን፦ አጎቴ? ፎቶ የለውም አላልሽም?

ጥሩወርቅ፦ እስካሁን ራሴን ብቻ ነበር የማየው። ፈሪ ሌላ ሰው አይታየውም።

ፌቨን፦ እማዬ፣ የሱ ፎቶዎችስ የት ገቡ?

ጥሩወርቅ፦ ነጋሽን ይዘው የወሰዱት ዕለት፣ እኔም እንዳልያዝ ሁሉንም ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። የክርስትናውን ሳይቀር። እናቴ «አንዱን እንኳ ተይልኝ» ስትል ከእጇ ነጠቅኋት።

ፌቨን፦ ልጅ ነበርሽ።

ጥሩወርቅ፦ የፈሪ እናት አታለቅስም ይላሉ። የኔዋ ግን የልጇ መልክ እየጠፋባት፣ እያለቀሰች ሞተች። ለካ የወሰዱት ሰዎች አስቀምጠውት ኖሯል፤ ያቃጠልኩት እኔ።

ፌቨን፦ በቃ አወርደዋለሁ። ቤት ይዘነው እንሂድ።

ጥሩወርቅ፦ አይወርድም። መቀስ አምጪና የሱን ክር ፍቺው፤ ካማረሽ የኔን ፊት ጥለፊበት።