«አልተገኘም» የተባለው ውጤት

ከሚሴ ከአጎቴ ከአያ ሰይድ ግቢ ስደርስ ፍየል ታርዶ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ሳንባቸው ላይ ካንሰር ከተገኘ ወዲህ አጎቴ እንዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም። ከእጢው የተወሰደው ናሙና ለምርመራ ውጭ አገር ተልኮ ነበር፤ ሰፈሩም «ያ ረቢ፣ ምንም አይገኝበት» እያለ ዱዓ ሲያደርግ ከርሟል። ያን ዕለት ጠዋት ከአዲስ አበባ ተደውሎ «አልተገኘም» ተባለ።

ነገር ሳላጣራ መደሰት አይሆንልኝምና ጓሮ ወጥቼ አዲስ አበባ ለምትከታተላቸው ሐኪም ደወልኩ። «አዎ፣ አልተገኘም፤ ያሳዝናል» አለችኝ። ግራ ገባኝ። ካንሰሩስ አልኳት።

«ካንሰሩማ አለ። እኛ የፈለግነው እጢው ውስጥ አንድ የጂን ለውጥ ነበር። እሱ ቢገኝ ቤታቸው ሆነው የሚውጡት ክኒን ይሠራላቸው ነበር። አሁን በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት እንድንጀምርላቸው ቶሎ ይምጡ።»

ሰፈሩ ሁሉ እጁን ዘርግቶ የለመነው ለካ ክኒኑ እንዳይሠራ ነበር። ደጋግሜ አሰብኩት፤ ሌላ ትርጉም አጣሁለት።

ስመለስ አጎቴ ሥጋ እያቀረቡልኝ «ብላ እንጂ! እኔ እንግዲህ ነገ ጨፋ እወርዳለሁ፤ ማሽላዬን ወፍ ጨረሰው» አሉኝ።

«አያ፣ ነገ አዲስ አበባ ነው የምንሄደው። ሐኪሟ ትፈልግዎታለች።»

«ምነው? አልተገኘም አላሉም እንዴ?» አለች አክስቴ ደንግጣ።

«ስላልተገኘ ነው» አልኩ።

አጎቴ ትክ ብለው አዩኝና ወደ አክስቴ ዞሩ። «ይሄን ልጅ መንገድ ላይ ፀሐይ መትቶታል፤ ውሃ ስጪው።»