ጠብቂ ያለው መዳፍ

— ሄሎ... ሄሎ፣ ማን ልበል?... አንተ ነህ እንዴ። እኔማ የቧንቧ ሠሪው መስሎኝ ነው እየተንገዳገድኩ ያነሣሁት... ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ እሱን ልትጠይቅ እንዳልደወልክ አውቃለሁ። በል፣ እየሰማሁህ ነው።

— ... ማንን ልላክልህ?... ቅዳሜ?... ትንሹን ብቻ?

— ቆይ፣ እስቲ ድገመው። ጆሮዬ ስላልሰማ አይደለም፣ አንተው ስትለው እንድትሰማው ነው... እህ። እንግዶች ይመጣሉ። የውኃ ጠለቃ አስተማሪው ከገዛ ልጁ ጋር ባሕር ውስጥ ሲገባ ካዩ እነሱም ልጆቻቸውን አምነው ይሰጡሃል። እህቱ ግን ትቅር... ለምን ትቀራለች?... ትደነግጣለች? ዳኛዋ? ይህን ሁሉ ዓመት ወንድሟን ስትዳኝ የኖረችው ልጅ ናት የምትደነግጠው?

— ከበሩ ኋላ ውጣ አንተ፣ እግርህ ይታያል። ግባና እህትህ አጠገብ ተቀመጥ... ላንተ አይደለም፣ ለቀጣፊው ልጅህ ነው። አዎ፣ ሁለቱም እዚሁ አልጋዬ ላይ ናቸው... አይጣሉም። አንተንም ገረመህ? ለአንድ ወንበር ፀጉር የሚነጫጩ ልጆች ከባሕር ከመጡ አራት ቀናቸው፣ አንድ ጩኸት አልሰማሁም። በጣት ነው የሚያወሩት። አንተ ውኃ ውስጥ ያስተማርካቸውን። ሁለት ጣት ገጥሞ ቀለበት፣ ደህና ነኝ። አውራ ጣት ወደ ላይ፣ እንውጣ። ትናንት እራት ላይ ጨው አቀብዪኝ የምትለዋን ምልክት ከራሳቸው ፈጠሩ።

— ... ጨዋታማ ቢሆን ምን ነበረበት። እሷ በአፏ መናገር ትታለች። ለእኔም፣ ለእናቷም፣ ለማንም... አኩርፋ አይደለም። ኩርፊያን አውቃለሁ፣ አንተን አሳድጌያለሁ። ጀልባው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ወንድምሽን ልትገድዪው ነበር» ካልካት ወዲህ ነው።

— ... ብለሃታል እንጂ።

— ... ሚስትህማ አመነችህ። ከሥራ ስትገባ ወንዱን ስማ፣ ሴቷን እንደ ግድግዳ አልፋት ትሄዳለች። በዚህች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ። ልጅቷ የት ትሽሽ? ልጅቷ እናቷ ስትመጣ እግሯን ሰብስባ መንገድ ትለቅላታለች... ወንዱማ የሆነውን ተናግሮ ነበር። ግን ማን ይመነው? የጠፋ ጫማውን ዓሣ ነጠቀኝ ያለ ልጅ ነው። እህቱን ሊያድን እየቀጠፈ ነው አላችሁት፣ አለቀ።

— አሁን አንተ ዝም በልና ስማኝ... ትሰማኛለህ?... ያንን ውኃ ውስጥ የቀረጽከውን ፊልም ለእናታቸው አሳዪያት ብለህ እዚህ ስልክ ላይ ልከህ የለ? እሷ መጨረሻውን ብቻ ነው ያየችው። ሴቷ ወንዱን ጎትታ ወደ ላይ ስትወጣ አየችና ዓይኗን ሸፈነች። እኔ ግን ከመጀመሪያው ነው ያየሁት። ሰባት ጊዜ... አዎ፣ እኔ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዓይኔ አልጠፋም። ቀጣፊው እየመለሰ ከፈተልኝ፣ ምልክቱንም አንድ በአንድ አስጠናኝ።

— መጀመሪያው ላይ ደስ ይላሉ፣ አልዋሽህም። እሱ ያንን የዳክዬ እግር የመሰለ ጫማውን እያርገበገበ ላገኘው ዓሣ ሁሉ እንደ ወታደር ሰላምታ ይሰጣል። ይስቃል መሰለኝ፣ አረፋው ይንጣጣል። እሷ ጣቷን ትነቀንቅበታለች፤ እሺ ይልና ዞር ስትል ራሱን ወደ ታች፣ እግሩን ወደ ላይ አድርጎ ይሰቀላል። እዚያ ላይ ሳቅኩ። እንዲህ የሚቦርቅ ልጅ አየሩን ከሌላው ቀድሞ እንደሚጨርስ ማን ነበር ማወቅ ያለበት? እኔ ነኝ?

— ... ኤሊዋን ስትቀርጽ ነበር? አዎ፣ አየኋት። ቆንጆ ናት። ካሜራህ ከሷ ላይ አልነቀል ብሎ ነበር።

— ... ቆይ፣ አልጨረስኩም። ቀጣፊው መቦረቁን ያቆምና የእህቱን ክንድ ይይዛል። ያንን አየር የሚለካውን ሰዓት ያሳያታል። ጠጠር አንሥታ ጀርባዋ ላይ ያለውን የአየር ብረት ትመታለች፣ ሦስቴ። ድምፁ ፊልሙ ላይ ይሰማል፣ ሩቅ እንደሚመታ ሚስማር። ከዚያ ወደ እሱ እየጠቆመች፣ አንተን እያየች፣ እጇን አንገቷ ላይ ታመላልሳለች። ይህ ምን ማለት ነው?... አንተ ንገረኝ እንጂ፣ አስተማሪው አንተ... አዎ። አየር አለቀ።

— ያኔ ነው ከሥዕሉ ጥግ አንድ መዳፍ ብቅ ያለው።

— ... የማን ነው?

— ... የረዳትህ? ያ አውራ ጣት ጥፍር የለውም። በር የጨፈለቀብህ ቀን ከቀሚሴ ቀድጄ ያሰርኩልህ እኔ ነኝ። ስድስት ዓመትህ ነበር፣ ሰፈሩን በጩኸት አደበላለቅኸው። ያንን ጣት ከሺህ ጣት መሐል አላጣውም... መዳፉ ምን አላት? ጠብቂ። ደግማ መታች። ደግሞ ጠብቂ። ኤሊዋ ፊቷን እስክታዞርልህ።

— እሷ ግን አልጠበቀችህም። ትርፍ መተንፈሻዋን አፉ ውስጥ ከተተችለትና የደረቱን ማንገቻ ጨብጣ ወጣች። ደንግጣ ሮጠች፣ ከጥልቅ ውኃ በፍጥነት መውጣት ይገድላል ትላለህ። ልጄ፣ አረፋው እየቀደማቸው ነው የወጡት፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ። የደነገጠ ሰው ከአረፋው ጋር ይሽቀዳደማል፤ ይህን የነገረኝ ቀጣፊው ነው፣ እሱም ካንተ ነው የሰማው።

— ... «አላየኋትም» ትላለህ?... አንተ አላየሃትም፣ እጅህ ነው ያያት?

— ... እንጀራህ ይበላሽ እንደሆነ ይበላሽ። እናትህ ስለሆንኩ ነው ለአንተ የምነግርህ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ለእንግዶችህ ነበር የሚያሳየው። ሚስትህ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች። ከዚያ በፊት ደውለህ በገዛ አፍህ ትነግራታለህ። ካልደወልክ ፊልሙን ከመጀመሪያው ከፍቼ ይህችኑ ስልክ ፊቷ አስቀምጣለሁ።

— ... ማንን ላገናኝህ? እሷን? ምን ልትላት?... እሺ። አንቺ፣ አባትሽ ነው፤ ጆሮሽ ላይ ላድርግልሽ?... ቀለበት ሠራች። ይኸው፣ ተናገር።

— ...

— እኔ ነኝ። ሰምታሃለች። እኔም ቃሉ ባይለይልኝም ድምፅህን ሰምቻለሁ። ይቅርታ አልካት?... አልካት ወይስ?... «እንርሳው»? እሱን ነው ያልካት? አይ ልጄ።

— ... በአፏ አልመለሰችም። በእጇ ነው። መዳፏን ዘርግታለች፣ ጣቶቿን ገጥማ፣ ወደ ስልኩ... አላወረደችውም፣ አሁንም እንደዘረጋችው ናት። ትርጉሙንማ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ... አዎ። ጠብቅ ነው የምትልህ።

— ... እስከ መቼ? እኔ ምን አውቄ። እሷም ያኔ እስከ መቼ ብላ አልጠየቀችህም፣ አፏ ተወትፎ ነበር።

— ቅዳሜ ማንም አይመጣልህም። የምለውን ጨርሻለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እንዳትረሳ። አንተ ቀጣፊው፣ መዝጊያው የቱ ነው? ቀዩ?... ቀለበት ሠራልኝ። በል ደህና ዋል።