ዳኛው ሲፈርድ ያወጣው ደንብ

ባለፈው ሰኔ ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ ልመለስ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ መኪናው እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ጋሽ ወልደሩፋኤል መጥተው ከፊቴ ተቀመጡ። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ቸልተኝነትን የማይወዱ፣ በከተማው የተከበሩ ሰው። ጥቂት ቆይታ ፈርዶስ ገባች፤ ከእሳቸው ጎን በቀር ባዶ ወንበር ስላላገኘች እዚያው ተቀመጠች። ፈርዶስ የቦንጋ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ ተማሪዎችን ፕሮግራም መጻፍ ታስተምራለች። ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር።

ምክንያቱን አውቅ ነበር። በዚያው ሳምንት በቦንጋ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፕሮግራም እንቆቅልሽ ውድድር ተደርጎ ነበር፤ አሸናፊው ለክረምት ሥልጠና አዲስ አበባ ይላካል። የዳኞቹ ሰብሳቢ ጋሽ ወልደሩፋኤል ናቸው። ጥያቄው ስለ ቀፎ ነው። ቀፎዎች በተርታ ተሰቅለዋል፤ በእያንዳንዱ ያለው ማር በኪሎ ተነግሯል፤ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ቀፎዎች በአንድ ቀን ማር አይቆረጥም። ታዲያ በአንድ ቀን ቢበዛ ስንት ኪሎ ይገኛል? ሦስት ምሳሌዎችም ከነመልሳቸው ተሰጥተዋል። ማስታወቂያው «የተሻለው ፕሮግራም ያሸንፋል» ከማለት በቀር ምንም ደንብ አልነበረውም። ሁለት ገጽ የጻፈ ተማሪ አንደኛ ወጣ። ከማንኪራ ገጠር የመጣችው ተሾመች በአሥራ አንድ መስመር የጻፈችው ግን ተሰረዘ።

ፈርዶስ ብዙ አልታገሠችም፤ ለምን እንደተሰረዘ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ወልደሩፋኤልም አልደበቁም። ቤቷ ኮምፒውተር የሌላት ልጅ፣ ሌላው ሁለት ገጽ የፈጀበትን በአሥራ አንድ መስመር ከጨረሰች ከሰው ቀድታ ነው አሉ። የአንደኛው ሥራ ግን ልፋት ይታይበታል።

«ጠርታችሁ ጠየቃችኋት?» አለች ፈርዶስ።

«አልጠየቅንም።»

«እንግዲያው የጣላት ደንብ አይደለም፣ ጥርጣሬያችሁ ነው። ይህቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማንኪራ በእግሯ እየመጣች ነው እኔ ዘንድ የተማረችው።»

እኔም አስተማሪ ነኝና ንዴቷ ተጋባብኝ። ተማሪን ስህተቱን አሳይቶ መጣል ያስተምረዋል፤ ምክንያቱን ሳይነግሩ መጣል ግን ማዋረድ ነው።

የተማሪዎቹን ሥራ የሰበሰበችው ፈርዶስ ስለነበረች ሁሉም ላፕቶፗ ላይ አለ። ከፈተችውና አራተኛ ምሳሌ እሳቸው ራሳቸው እንዲያወጡ ለመነቻቸው። አራት፣ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ስምንት ብለው ቁጥር ሰጧት፤ በጣታቸውም ቆጥረው መልሱ አሥራ ዘጠኝ እንደሆነ ነገሯት። የተሾመች ፕሮግራም አሥራ ዘጠኝ አለ። የአንደኛው ግን ምንም አልመለሰም። ፈርዶስ ውስጡን ገልጣ አሳየቻቸው፤ ሁለቱ ገጽ ሦስቱን ምሳሌዎች እየለየ የተሰጠውን መልስ መልሶ ከማተም በቀር የሚያሰላው ነገር የለውም።

ጋሽ ወልደሩፋኤል ደጋግመው አነበቡት። ሆኖም እጅ አልሰጡም፤ አንድም ቀፎ ባይኖርስ ብለው ጠየቁ። ፈርዶስ ባዶ ተርታ ብትሰጠው የተሾመች ፕሮግራም ተበላሽቶ ቆመ።

«ይኸው፣ እሷም ወደቀች» አሉ።

ፈርዶስ ደንግጣ እንደነበር ፊቷ ይናገራል። ሆኖም በትሕትና መለሰች።

«ጋሼ፣ ተማሪዬ ስለሆነች አልሸፍንላትም፤ ስህተት ነው ካሉ ይሁን። ግን ባዶ ተርታ እንደሚሰጥ ጥያቄው ላይ የት ተጽፏል?»

«አልተጻፈም» አሉ። ከዚያ እንደ ማሰብ ብለው፣ «ይህን ደንብ እኔ አሁን እዚህ መኪና ውስጥ ነው ያወጣሁት» አሉ።

«አሥራ አንድ መስመር ያንሳል የሚለውንም ደንብ ያወጡት ሲፈርዱ ነው።»

መኪናው ሞልቶ ተነሣ። ቦንጋ ልንገባ ስንል ጋሽ ወልደሩፋኤል፣ ትክክለኛ ሥራ የሚባለው ምን ምን ሲያሟላ እንደሆነ እንድታጽፋቸው ጠየቋት፤ ደብተራቸውን አውጥተው መጻፍ ጀመሩ።

ውጤቱ ተሽሮ በአዲስ ጥያቄ ውድድሩ ተደገመ። ደንቡ ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት ተለጠፈ። ፕሮግራሙ ተማሪዎቹ ባላዩአቸው ሃያ ጥያቄዎች ይፈተናል፤ ምን ዓይነት ቁጥር ሊሰጥ እንደሚችል አስቀድሞ ይነገራል፤ ሁሉንም ከመለሱት መካከል አጭሩ ይበልጣል፤ የተጠረጠረ ተማሪ ሥራውን በቃል ያስረዳል፤ የወደቀም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል። በውድድሩ ቀን ጋሽ ወልደሩፋኤል ተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ቆመው፣ ተሾመችን ሳይጠይቁ ጥለዋት እንደነበር ተናገሩና ይቅርታ ጠየቋት።

አንደኛ የወጣችው በመጀመሪያውም ውድድር ተካፍላ የነበረችው የሺሺንዳዋ ሄርሜላ ናት። ተሾመች ሃያውንም መልሳ በሁለት መስመር ተበልጣ ሁለተኛ ሆነች። ያዝናል ብዬ የፈራሁት የእሷ ልብ ነበር። ከአዳራሹ ስወጣ ግን ሁለቱን ልጆች ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ተሾመች የሄርሜላን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እነዚያን ሁለት መስመሮች እንዴት እንዳስቀረቻቸው ትጠይቃታለች። ቀድሞ አንደኛ የተባለው ልጅም ከኋላቸው ቆሞ፣ የወደቀበት ምክንያት የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ይሰማ ነበር። በመጀመሪያው ውድድር ከሦስቱ አንዳቸውም ምንም ሳይማሩ ነበር ወደ ቤታቸው የሄዱት።